ስሟ የማይጠራው ሴት

ሰኞ

የዳቦ ቢላዋዬ ተገኘ። ሳምንት ሙሉ ፈልጌዋለሁ። መሳቢያውን ሁሉ ገልብጫለሁ፤ የጎረቤት ሰው ሳይቀር በልቤ ጠርጥሬአለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ዛሬ አንሶላ ልቀይር ብዬ ፍራሽ ሳነሳ ከትርንጎ ራስጌ በኩል ወጣ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

ትርንጎ የወንድሜ የአዲሱ ሚስት ናት። ከደብረ ማርቆስ ከመጣች አምስት ወሯ፣ እርግዝናዋ ሰባት ወር፤ አዲሱ ሊያገባት ሄዶ ሳለ ያረገዘችው ነው። ቪከሪ ሜዶ በሚባለው የስደተኛ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖራለን ይባላል እንጂ ያለነው ሁለታችን ነን። አዲሱ የጭነት መኪና ነጂ ነው። ፎርት ዎርዝ ይጭንና ይወጣል፣ ከዚያ አስር ቀን በስልክ ብቻ ነው ወንድሜ።

“ይሄ ቢላዋ እዚህ ምን ይሠራል?” አልኳት።

“ብረት ነው፣ እትዬ።”

ብረት መሆኑንማ አውቃለሁ፤ የገዛሁት እኔ ነኝ! ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም። እትዬ ማለቷን ራሱ ለምጄው ነው እንጂ መጀመሪያ ሰሞን “አንቱ” ትለኝ ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ አንቱ አልባልም ብዬ ከለከልኳት።

አራስ ደጅ ስትወጣ ብረት ትያዝ ሲባል እኔም ሰምቼ አድጌአለሁ። ግን ይቺ ገና አልወለደችም። ከምንድን ነው ከአሁኑ የምትጠበቀው?

ሌሎች የታዘብኳቸው፦
– ለሕፃኑ አንድ ካልሲ እንኳ አልገዛችም። ልግዛ ስላት “ይቆይ” ትላለች።
– ሰው ሆዷን አይቶ “እንኳን ደስ አለሽ” ሲላት ሹራቧን ትስባለች።
– ስንት ወርሽ ነው ሲሏት ሁልጊዜ አንድ ወር ትቀንሳለች።

ቢላዋውን መለስኩላት። ዳቦውን በእጄ ቆርሼ በላሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ ሥራ ላይ ሚስ ሩትን ሳበጥር የቢላዋውን ነገር አጫወትኳቸው። ሚስ ሩት አረጋውያን የምንከባከብበት ቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ የምወዳቸው አሮጊት ናቸው። አይሁድ ናቸው፤ ዘጠና አንድ ዓመታቸው። ቁርሳቸውን ይረሳሉ፤ የሰባ ዓመት ወሬ ግን አይረሱም።

ይስቁብናል ብዬ ስጠብቅ ማበጠሪያ የያዘውን እጄን ያዙት። “ትራሷ ሥር ነው ፍራሿ ሥር?” አሉኝ። የሚጠይቀውን የሚያውቅ ሰው አጠያየቅ ነው። አያታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር አሉ፣ በድሮ አገራቸው፣ ሴት ልትወልድ ስትል። ሊሊትን ለማራቅ።

ሊሊት ማን ናት? (የነገሩኝን ሳልረሳ ልጻፈው።) የአዳም የመጀመሪያ ሚስት ናት አሉ፣ ከሔዋን በፊት። እንደሱ ከአፈር የተሠራች። እኩል ነን፣ ከሥርህ አልሆንም ብላው ተጣሉና ክንፍ አውጥታ በረረች። ሦስት መላእክት ተላኩባት። ባሕር ላይ አገኟት። አልመለስም አለች። አራስ ልጆችን እቀጥፋለሁ፣ ግን የእናንተ ስም በተጻፈበት ቤት አልገባም ብላ ማለችላቸው። ስለዚህ የሚስ ሩት አያት የመላእክቱን ስም በወረቀት ጽፈው የአራሷ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር።

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። ይሄን እኮ እኔ አውቀዋለሁ! ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበሩ መሪጌታ ለነፍሰ ጡር ክታብ ይጽፉ ነበር። እዚያ ላይ ያለችው ውርዝልያ ናት። የአንድ ቅዱስ እህት ናት፤ የወንድሟን ሕፃን ገደለች። በፈረስ አሳደዳት፣ በጦር ያዛት። ስምህ ባለበት አልደርስም ብላ ማለችለት። ሴት፣ ሕፃን፣ ማሳደድ፣ መሐላ፣ ስም። ሁለት አገር፣ አንድ ወሬ። ማን ከማን ሰማ?

ወደ ቤት ስመለስ በስልኬ ስለዚህ ሳነብ ተቃራኒውን ባቡር ይዤ ሪቻርድሰን ደረስኩ። ፓስተራችን ይህን ደብተር ቢያገኙት የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያውጁብኛል። ጌታ ያውቃል፣ ላምናት አይደለም የማነበው። ማወቅ ስለምወድ ነው።

ረቡዕ

ክሊኒኩ ደወለ። ባለፈው ሳምንት የተወሰደው የትርንጎ ደም ውጤት ደርሷል። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ ላስገባ ስትል “እኔ አለሁ” አልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

እንዲህ አለች፦ የትርንጎ ደም ኔጌቲቭ ነው። ደሟ ውስጥ የልጁን ደም የሚቃወም ነገር ታይቷል። ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። ከዚህ በፊት አርግዛ ታውቃለች? ደም ተሰጥቷት ያውቃል?

ተረጎምኩላት። ትርንጎ ስልኩን ሳይሆን መስኮቱን እያየች “የመጀመሪያዬ ነው” አለች። “ፈርስት” አልኩ። ደምስ? አልተሰጠኝም። “ኖ” አልኩ።

“ኦኬ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ደግመን እናየዋለን።” አለቀ።

እራት ላይ አፌን በላኝ። “ትርንጎ፣ ውርዝልያ የምትባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?” አልኳት። ወሬ ለመጀመር ያህል ነው። ጉርሻዋ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

“አትጥሪያት!” አለችኝ። ጮኻብኝ አታውቅም። “የሰይጣን ጆሮ ይደፈን! ደግሞ ሆዴ ፊት ለፊት!”

እጇን ታጥባ ክፍሏ ገባች። እኔ ሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ ፊት ተቀመጥኩ። አዘንኩ። ግን እውነቱን ልጻፍ፣ ከማዘኔ ይልቅ ጠረጠርኩ።

የነገ፦ የትርንጎ የብረት ኪኒን ይገዛ። የማጠቢያ ሳሙና። ይቅርታ መጠየቅ።

ሐሙስ

ሚስ ሩት ዛሬ ደክሟቸው ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙኝ። የትርንጎን መቆጣት ስነግራቸው “ተረት ሰምቶ እንዲህ የሚፈራ ሰው የለም” አሉ። “ልጅቱ ታውቃታለች።” ከዚያ ተኙ።

ቤት ገብቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ ሚስ ሩትና ስለ አያታቸው ነገርኳት፤ ፈረንጅም ቢላዋ ፍራሽ ሥር ታስገባ ነበር ብዬ። ገረማት። ትንሽ ሳቀች እንኳ። የሊሊትን ስም ስጠራ አልከለከለችኝም፤ የሰው አገር ስም ስለሆነ ይመስለኛል። ቀጥላ ጠየቀችኝ።

“ያቺ አያታቸው… ልጅ ሞቶባት ነበር?”

“አላውቅም። ለምን?”

“ሳይሞትባት አታደርገውም።”

ከዚያ ነገረችኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ሶፋው ላይ አስደግፋ፣ አንዴም ሳታለቅስ።

ከአዲሱ በፊት ባል ነበራት። ማግባቷንማ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈታች ነው የተባልነው። ሁለት ወልዳለች። የመጀመሪያው ሁለት ቀን ካማጠች በኋላ ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛዋ በሕይወት ተወለደች፤ ግን አብጣ ነበር። በማግስቱ ቢጫ ሆነች፣ ዓይኗ ሳይቀር። በሁለተኛው ቀን አረፈች። ሰዉ ሾተላይ አለባት አለ፤ ውርዝልያ ማለት እኮ በሰፈር ቋንቋ ሾተላይ ናት። ባልየው “ዘሬን አታስጨርሺኝም” ብሎ እናቷ ቤት መለሳት።

“ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። እሱም ይመልሰኛል።”

እጇን ያዝኩ።

ነርሷ ስለ ደሟ ያለችውን አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ ሳነብ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ተነስቼ ተቀመጥኩ። የእናቲቱ ደም የልጁን ደም እንደ ጠላት ያየዋል ይላል። አንዴ ካወቀው አይረሳውም። በየወሊዱ ይብሳል። ልጁ ደም ያንሰዋል፣ ያብጣል፣ ቢጫ ይሆናል። ደግሞ፦ ቀድሞ ልጅ የተጎዳባት እናት ከሆነች የደሟ ቁጥር ትንሽ ነው ተብሎ አይታመንም፤ ልጁ ራሱ ቶሎ መታየት አለበት።

ቶሎ። እኛ የአራት ሳምንት ቀጠሮ ይዘናል። “ፈርስት” ያልኩት ደግሞ በዚህ በገዛ አፌ ነው።

እስኪነጋ አልጠበቅሁም፤ ገና ሳትተኛ ገብቼ ነገርኳት። አልሆነም አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ወረቀት ላይ ከሰፈረ አዲሱ ይሰማል፣ እሷም ትሰማለች። (እሷ ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።) በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያኔ ተናደድኩ። “ባላገር!” አልኳት። በዚህ ቃል ሀገር ቤት ሰው ሲሰድቡ ስሰማ ራሴን የሚያመኝ እኔ።

ዓርብ

ጠዋት ከሥራ ቀረሁ። ሱፐርቫይዘሬን ኮል አድርጌ “የቤተሰብ ጉዳይ” አልኩ።

ትርንጎ ቤት የለችም። ደነገጥኩ። ወርጄ ሳይ የግቢው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ናት። የእኔን የሥራ ልብስ ታጥፋለች። ባላገር ብያት የእኔን ልብስ ታጥፋለች! ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“ሁለተኛዋን ሳረግዝ ለማንም አልተናገርኩም፣ እትዬ። ለእናቴም። ስድስት ወር ሙሉ ሆዴን በመቀነት አስሬ፣ ውኃ እየቀዳሁ፣ እየሳቅሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተነፈሰባትም። ማንም አላወቀባትም።”

ሱሪዬን አጥፋ ክምሩ ላይ አስቀመጠችው።

“ታዲያ መደበቁ ምን ጠቀመኝ?”

ስለ ክታብና ስለ ስም፣ ስለ መላእክቱም ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። አንዱም አላስፈለገም።

“ደውዪላቸው” አለች።

ነርሷ ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ። አሁን ኑ አለች። ራይድ ጠርተን ሄድን። ዶክተሯ ገና ስትገባ ልተረጉም ስል ትርንጎ እጄን ያዘች። ሦስት ጣት አነሳች። ሁለቱን አጠፈች። “ቱ… ዳይ” አለች በራሷ አፍ። ከዚያ ቢጫ የሆነ ነገር በክፍሉ ውስጥ ፈለገች፤ የግድግዳውን ፖስተር ጥግ አገኘችና በጣቷ ነካችው። “ቤቢ። ላይክ ዚስ።”

ትቆጣናለች ብዬ ነበር። ዶክተሯ ወንበር ስባ ጉልበቷ አጠገብ ተቀመጠች። “አዝናለሁ” አለቻት። ከዚያ በአስተርጓሚ ስልክ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጠየቀች፤ በዚህኛው ጊዜ እኔ ጥግ ተቀመጥኩ።

በዚያው ወደ ሌላ ፎቅ ላኩን። የሕፃኑ ጭንቅላት ውስጥ ደሙ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥ በአልትራሳውንድ ለኩ። ደም ሲሳሳ ይፈጥናል አሉን። የኛው ይሮጣል። ደም አንሶታል። ነገ ሆድ ውስጥ እንዳለ ደም ይሰጡታል፤ በመርፌ፣ በእትብቱ በኩል። ይህን ሲነግሩኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ለካ ያልተወለደ ሰው ደም ይቀበላል!

“አራት ሳምንት ብንጠብቅ ኖሮስ?” አልኩ።

“ባለመጠበቃችን ደስ ብሎኛል” አለች ዶክተሯ።

ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ለአዲሱ ራሷ ደወለች። በሩን ዘጋች። ብዙ ቆየች። ወጥታ ስልኩን ሰጠችኝ። አዲሱ ሰኒ የሚለኝ ከልጅነታችን ጀምሮ ነው።

“ሰኒ… ማለቴ… አንቺ ታውቂ ነበር?”

“ከትናንት ጀምሮ።”

“ኦኬ። ኦክላሆማ ነኝ። ሶ፣ ጭነቱን ድሮፕ አድርጌ እመጣለሁ” አለና ዘጋው። ተቆጥቷል? አዝኗል? ወንድሜን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ያን “ኦኬ” ግን ልተረጉመው አልቻልኩም።

ትርንጎም አልጠየቀችኝም።

ቅዳሜ

ሆስፒታል መቆያ ክፍል። የምጽፈው የሆስፒታሉ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው፤ ደብተሩን ረሳሁት፤ በኋላ እገለብጠዋለሁ።

ትርንጎ ከገባች አርባ ደቂቃ። ጸለይኩ። ጸሎቴ መሀል ላይ ሊሊት መጣችብኝ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ግን መጣች። እንዲህ አሰብኩ። እሷን መጀመሪያ የፈጠራት ማን ነው? ልጅ የሞተባት ሴት ትመስለኛለች። ሰው ሁሉ “ምን አድርገሽ ነው?” ብሎ ሲያያት፣ “እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት” የምትለው ሌላ ሴት አስፈልጓት። ብልሃት ነበር። ግን ውሎ አድሮ ነገሩ ተገለበጠና “አለባት” ተባለ፤ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ እናትየው ትከሻ ላይ ወረደ። ይህን ሚስ ሩትን እጠይቃቸዋለሁ።

አዲሱ መጣ። ሁለት ቀን ያልተላጨ፣ ዓይኑ የቀላ። ሰላም አለኝና ተቀመጠ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሽከረክረዋል። አንድ ነገር በል ብዬ በጥፊ ልለው ነበር። “ልትመልሳት ነው?” የሚለው ጥያቄ ምላሴ ላይ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለት ጊዜ ዋጥኩት። ጥያቄ ስውጥ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ወጣች። መርፌው በትክክል ገብቷል፣ ደሙ ተሰጥቷል፣ የልጁ ልብ ደህና ይመታል አሉን። ትርንጎ አልጋው ላይ ሆና ወደ አዲሱ አላየችም፤ ጣራ ጣራውን ታያለች። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው።

አዲሱ ጎንበስ አለ።

“ሴቷ ልጅሽ… ማንን ነበር የምትመስለው?” አላት።

በአምስት ወር ውስጥ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። ምን ያህል እንዳለቀሰች! ነርሷ ደንግጣ መጣች፤ አመማት ብላ። አላመማትም አልኩ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ የልጆቹ አባት እንኳ።

“እናቴን” አለችው በመጨረሻ።

“ታዲያ ቆንጆ ነበረቻ” አለ ወንድሜ። እሱም አፍንጫውን በኮፍያው ጠረገ። ይቅር ብዬዋለሁ፣ ያልጠየቀኝን ሁሉ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቤት ገባን።

የታዘዝነው፦
– በሳምንት ውስጥ ተመልሳ ትታያለች። ደሙ እንደገና ሊሰጠው ይችላል፣ ሁለቴም ሦስቴም።
– ከቀኑ በፊት ያዋልዷት ይሆናል።
– ልጁ መርገጡን ከቀነሰ ወዲያውኑ መምጣት።
– ከባድ ነገር አለማንሳት። (አዲሱ ውኃ እንኳ በብርጭቆ እንድታነሳ አይፈቅድም። ነገ ሥራ ይወጣል፤ እንተነፍሳለን።)

ይድናል ወይ ብዬ ዶክተሯን ጠይቄአት ነበር። “ጥሩ ዕድል አለው” አለች። ሙሉ መልስ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ዛሬ ሁሉንም ማወቅ አልፈለግኩም፤ ለእኔ አዲስ ነው።

ከምሳ በኋላ ይህን ስጽፍ ትርንጎ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በየቀኑ ምንድን ነው የምትጽፊው አለችኝ። የዕለቱን አልኳት፤ ያየሁትን፣ የሰማሁትን። እኔም አለሁበት? አለሽበት እንጂ። ባላገር ያልኩሽም አለ። ሳቀች።

“እንግዲያው ሁለቱን ጻፊልኝ” አለች። “የትም አልተጻፉም። ለክርስትና አልደረሱም፣ ስም የላቸውም።”

እሷ እየነገረችኝ እንደሚከተለው ጻፍኩ፤ አዲሱ በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

የመጀመሪያው ወንድ ነበር። ፀጉሩ ጥቁርና ብዙ ነበር፤ እግሩ ረጅም።

ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ሁለት ቀን ኖረች። የእናቷን ትንሿን ጣት ጨብጣ አልለቅም ብላ ነበር።

ሦስተኛው ከጠዋት ጀምሮ እየረገጠ ነው።